ኳሷ ሳትደርስ ገልመጥ፦ አይታና ቦንማቲ እና የጎጃም ሜዳ

የባርሴሎናና የስፔን አማካይ የሆነችውን አይታና ቦንማቲን ለማወቅ ኳሷን ትቶ አንገቷን መከተል ይሻላል። ኳሷ ገና በሌላ ተጫዋች እግር ሥር እያለች አይታና በግራ ትከሻዋ ገልመጥ፣ በቀኝ ትከሻዋ ገልመጥ ትላለች። ኳሷ ስትደርሳት ከኋላዋ ማን እንዳለ፣ የትኛው ወገን ክፍት እንደሆነ፣ ማን ወደ ግብ እየሮጠ እንደሆነ አውቃ ጨርሳለች። ሌላው ኳስ ይዞ የሚያስበውን እሷ ኳስ ሳትይዝ አስባዋለች። ቁመቷ 1.62 ሜትር ነው። በሩጫ የሚቀድሟት፣ በጉልበት የሚበልጧት ብዙ ናቸው። እንዲህም ሆና በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የዓለም ምርጥ ተጫዋች የምትሸለመውን ባሎን ዶርን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች፤ ይህን ያደረገች ሌላ ሴት የለችም።

ይህን የምጽፈው በባህር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በዳንግላ፣ በሞጣ፣ በቡሬ ሴት ልጆችን ለሚያሠለጥኑና ልጃቸው ወይም እህታቸው ኳስ ሜዳ ለምትውልባቸው ሰዎች ነው። የባርሴሎናን ሜዳና ሐኪም ወደ ጎጃም ማምጣት አይቻልም። አንገት ማዞር ግን ብር አይጠይቅም። ስለዚህ የልጅቷን የኳስ ሕይወት እያነሳሁ፣ ከእሱ ውስጥ እኛ ሜዳ ላይ የሚሠራውን እየነጠልኩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

አይታና የተወለደችው ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው፤ በእኛ ጥር 10 ቀን 1990፣ የከተራ ዕለት። ያደገችው ከባርሴሎና ወጣ ባለችው ሳን ፔሬ ዴ ሪቤስ በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቿ የካታላን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን ናቸው። ቦንማቲ የእናቷ ስም ነው። በስፔን ልጅ የሁለቱንም ወላጆች ስም ይይዛል፤ ያኔ ሕጉ የአባት ስም እንዲቀድም ያስገድድ ነበር። ወላጆቿ የእናት ስም ይቅደም ብለው ከታገሉት መካከል ነበሩ፤ ሕጉም በ1999 ተቀየረ። ልጅቷ በኋላ ከፌዴሬሽን ጋር አንገት ለአንገት ስትተናነቅ ለምን እንዳልፈራች ለሚጠይቅ ሰው ከቤቷ መጀመር ጥሩ ነው።

በሰፈሯ ክለብ ሪቤስ፣ ቀጥሎም በኩቤየስ ከወንድ ልጆች ጋር ተጫወተች። እስከ 14 ዓመቷ ድረስ የሴት ቡድን ውስጥ አልገባችም። የጨዋታዋ ሥር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከወንዶች ጋር የምትጫወት ትንሽ ልጅ ኳስ ይዛ ሁለት ሰከንድ ከቆመች ትገፋለች፣ ትወድቃለች። ስለዚህ ኳሷ ከመድረሷ በፊት መውጫዋን ማወቅ አለባት። ማንም «ገልመጥ በይ» ባይላት እንኳ ጨዋታው ራሱ ያስተምራታል። በእኛም ሰፈር ሴት ልጅ ከወንድሞቿ ጋር የምትጫወተው እስከ 10 ወይም 11 ዓመቷ ነው፤ ከዚያ «አድጋለች» ተብላ ትወጣለች። የምትወጣው ጨዋታው ሊያስተምራት በጀመረበት ሰዓት ነው። አሠልጣኝ የሆነ ሰው ቢያንስ እስከ 13 እና 14 ዓመት በሳምንት አንድ ቀን ድብልቅ ጨዋታ ቢያዘጋጅ፣ ወላጆችንም ጠርቶ ቆመው እንዲያዩ ቢያደርግ፣ ከብዙ የልምምድ ሰዓት የሚበልጥ ነገር ያደርጋል። ልጆቹን ሲከፍል ግን ዕድሜን ብቻ አይመልከት። የ13 ዓመት ሴት ልጅ ከ11 ዓመት ወንድ ጋር በአካል ትቀራረባለች፤ ከ15 ዓመት ጎረምሳ ጋር ማጋጨት ግን ጉልበቷን ወይም ቁርጭምጭሚቷን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

በ2012 ባርሴሎና ወሰዳት። ከቤቷ እስከ ልምምድ ሜዳው የምትሄደው በሕዝብ ማመላለሻ ነበር፤ አባቷ አብሯት ይመላለስ ነበር። ዋናው ቡድን ውስጥ የገባችው በ2016፣ በ18 ዓመቷ ነው። ያኔ እንኳ የተረጋገጠ ቦታ አልነበራትም። አሌክሲያ ፑቴያስን የመሰሉ አማካዮች ፊቷ ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ተቀያሪ ሆና ነው የምትገባው። የባርሴሎና የሴቶች ቡድን ራሱ ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2015 ነው፤ ማለትም እሷና ቡድኑ አብረው ነው ያደጉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። በ2019 በቡዳፔስት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በሊዮን 4 ለ 1 ተሸነፉ። ግንቦት 8 ቀን 2013 በእኛ፣ ጎተንበርግ ላይ ቼልሲን 4 ለ 0 አሸነፉ፤ ሦስተኛዋን ግብ ከአሌክሲያ በተቀበለችው ኳስ ያስቆጠረችው አይታና ነበረች፣ የጨዋታው ኮከብም ተባለች። በ2022 ቱሪን ላይ ዳግም በሊዮን 3 ለ 1 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ካምፕ ኑ ሁለት ጊዜ ሞላ፦ ከሪያል ማድሪድ ጋር 91,553 ሰው፣ ከቮልፍስበርግ ጋር 91,648 ሰው፤ በሁለቱም ጨዋታ ግብ አግብታለች። በ2023 አይንድሆቨን ላይ በቮልፍስበርግ 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 3 ለ 2 አሸነፉ። በ2024 ቢልባኦ ውስጥ ሊዮንን በመጨረሻ አሸነፉ፣ 2 ለ 0፤ የመጀመሪያዋን አይታና በ63ኛው ደቂቃ አገባች። በ2025 ሊዝበን ላይ በአርሰናል 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከ2021 እስከ 2025 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ፍጻሜ ደርሰው ሦስቱን ወስደዋል።

አሁን ወደ አንገቷ እንመለስ።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ባሉት 10 ሰከንዶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገላመጡ ለዓመታት ቆጥሯል። ደጋግመው የሚያዩት የሚያቀብሉት ኳስ ያለመበላሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አይታና ከልጅነቷ ስታደንቃቸው የኖሩት ዣቪና ኢኒየስታ የታወቁትም በዚሁ ነው። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ማየት ብቻ አይደለም፤ መቼ ማየት ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። 8 ሜትር ርቀት ላይ ያለች ጓደኛዋ በመጠኑ ጠንከር አድርጋ ያቀበለቻት ኳስ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በዚያ አንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ፈጣን ገልመጥ ይበቃል፤ ሁለት አይበቃም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገልመጥ መምጣት ያለበት አቀባይዋ ኳሷን ልታዘጋጅ ስትነካ ነው። በዚያ ቅጽበት ኳሷ የትም ስለማትሄድ ዓይንን ከእሷ ማንሳት አደጋ የለውም። ሁለተኛው ኳሷ ከእግር እንደወጣች፣ የመንገዷን ግማሽ ሳታልፍ ነው። ቀሪውን ግማሽ ዓይን ኳሷ ላይ ይሆናል።

ይህ የባርሴሎና ሣር ላይ ነው። የእኛ ሜዳ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ጠጠር አለው፣ ኳሷ መንገዷን ሳትጨርስ ትዘላለች። ስለዚህ ሁለተኛውን ገልመጥ ማሳጠር፣ ዓይንን ወደ ኳሷ ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭቃው ኳሷን ያዘገያታል፤ ያኔ ጊዜ ስለሚተርፍ ሁለት ጊዜ ማየት ይቻላል፤ ተከላካይዋም ግን ያንኑ ትርፍ ጊዜ ታገኛለች። አንድ ዓይነት ልምምድ ዓመቱን ሙሉ የሚደግም አሠልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ልምምዱን እንዲህ ማዘጋጀት ይቻላል። 12 በ12 ሜትር ሜዳ በኮን ወይም በድንጋይ ይከለል፤ ሰፋ ባለ እርምጃ 12 እርምጃ መቁጠር ይበቃል። አንዷ መሐል ትቁም። አንዷ ከፊቷ 6 ሜትር ላይ ኳስ ይዛ፣ አንዷ ከጀርባዋ 6 ሜትር ላይ ኳስ ሳትይዝ። ከጀርባ ያለችው ልጅ ኳስ ያዢዋ የመጀመሪያ ንክኪዋን ስታደርግ ጣቶቿን ታነሳለች፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ የፈለገችውን። መሐል ያለችው ገልመጥ ብላ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ኳሷን ተቀብላ ትዞራለች፣ ከጀርባ ለነበረችው ታቀብላለች። ቀጥሎ ከዚያ ወገን ይጀመራል። 45 ሰከንድ ይሠራል፣ 45 ሰከንድ ይታረፋል፣ ስድስት ዙር፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናቸው። ከቆላ የመጣች ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ያንኑ 45 ሰከንድ ስትሠራ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዕረፍቷን ወደ 60 እና 70 ሰከንድ ማስረዘም ነው። ሲደክማት መጀመሪያ የሚቀረው ገልመጥ ማለቱ ነው፤ እግሯ ሳይቆም አንገቷ ይቆማል።

የጣት ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? ልጆች በጣም ቶሎ አንገት ማዞርን ይማራሉ፣ ማየትን ግን አይማሩም። አሠልጣኙ «ገልመጥ!» ሲል አንገታቸው ይዞራል፣ ዓይናቸው ግን ምንም ይዞ አይመለስም። ቁጥሩን የተሳሳተች ልጅ አንገቷን ብቻ ነው ያዞረችው። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ይቅርና ከጀርባ ያለችው ልጅ አንዳንዴ ተጠግታ ትቁም፣ አንዳንዴ ትራቅ። ተጠግታ ካየቻት በአንድ ንክኪ ወደ መጣችበት ትመልስ፤ ርቃ ካየቻት ትዙር። አሁን ገልመጡ ውሳኔ ወለደ ማለት ነው።

ቀጥሎ እግር ነው፤ አይታናን በቅርብ ያየ ሰው የሚያስተውለውም ይህንኑ ነው። ኳስ ስትጠብቅ ሁለቱ እግሮቿ ወደ አቀባይዋ ቀጥ ብለው አያዩም። ጎኗን ሰጥታ፣ በሩን ግማሽ እንደከፈተ ሰው ሰውነቷን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች። ኳሷን የምትቀበለው በሚርቀው እግሯ ነው። ከግራ የመጣች ኳስ በግራ እግሯ ሥር አልፋ በቀኝ እግሯ ውስጠኛ ጎን ትያዛለች። በቅርቡ እግር የተቀበለች ልጅ ሰውነቷ ይዘጋል፤ ለመዞር ሌላ ሁለት ንክኪ ትፈልጋለች፤ ተከላካይዋ የምትደርስባት በእነዚያ ሁለት ንክኪዎች ነው። የመጀመሪያ ንክኪዋም እግሯ ሥር ኳሷን አይገድላትም፤ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ያስወጣታል። እኛ ጋ ልጆች «ኳስ አቁሚ» ተብለው ስለሚማሩ ጫማቸው ሥር ይረግጧታል። መርገጥ ለፉትሳል፣ ለአዳራሽ ኳስ፣ ወለል ጥሩ ነው፤ ጠጠር ላይ ግን ኳሷን ከመያዝ በላይ ልጅቷን ያቆማታል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአቀባይዋ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ኳስ ወደ ቅርቡ እግር ከተላከ ተቀባይዋ ገርበብ ብላ መቆሟ ዋጋ የለውም። «ወደ ሰው» ሳይሆን «ወደ ሩቅ እግር» ማቀበልን ማስተማር ያስፈልጋል። ኳሷም መታየት አለባት። 5 ቁጥር ኳስ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉ 4 ቁጥር ይሻላል። ሕጉ የሚፈቅደው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው። ደረቅ ሜዳ ላይ ወደ ታችኛው መጠን ማድረግ ነው፤ መለኪያ ከሌለ በሁለት አውራ ጣት ሲጫኗት ትንሽ ገባ የምትል ኳስ ትስማማለች። ድርቅ ብላ የተነፋች ኳስ ጠጠር ላይ ጉልበት ድረስ ትዘላለች፤ ልጅቷም ዓይኗን ከእሷ ለማንሳት ትፈራለች። አንዳንዱ አሠልጣኝ ልጅቷን «ፈሪ» ይላታል፤ የፈራችው ግን ኳሷን ነው፣ ትክክልም ናት። ኳስ ከሌለ ጨርቅ የተሞላ የካልሲ ኳስ ለዚህ ልምምድ ያገለግላል፤ አትዘልምና። የሚቀረው የዘለለች ኳስን ማብረድ ብቻ ነው፤ እሱን በሌላ ቀን በእውነተኛ ኳስ።

ገልመጡ፣ አቋቋሙና በሩቅ እግር መቀበሉ ከገባቸው በኋላ 4 ለ 2 ይጫወቱ፤ አራቱ ኳስ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ ለመንጠቅ ይሞክራሉ፤ 10 በ10 ሜትር፣ በሁለት ንክኪ። ጀማሪዎች ኳሷን በሦስተኛው ቅብብል ከተነጠቁ ሜዳው ጠቧል ማለት ነው፤ 12 ሜትር አድርጉት። 10 ቅብብል ደጋግመው ከደረሱ ወደ 9 አጥብቡት። የተለመደው ስህተት አራቱ ልጆች ማዕዘን ላይ ተተክለው መቅረታቸው ነው። ከኳሷ ጋር ሁለት እርምጃ ወዲህና ወዲያ ካላሉ በሁለቱ ተከላካዮች መሐል የሚታይ መንገድ አይኖርም። በገና ጨዋታ ሩሯን ብቻ የሚያሳድድ ቶሎ ደክሞ፣ ሩሯ የምትወርድበትን ቦታ አስቀድሞ የሚይዝ ሲመታት ያየ የጎጃም ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

አይታና ለስፔን ዋና ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በኖቬምበር 2017 ከኦስትሪያ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ከ17 ዓመት በታች እና ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫዎችን አንስታለች። በ2019 ዓለም ዋንጫ ስፔን በጥሎ ማለፉ በአሜሪካ 2 ለ 1፣ በ2022 የአውሮፓ ዋንጫ በሩብ ፍጻሜ በእንግሊዝ 2 ለ 1 ወጣች። በሴፕቴምበር 2022 አሥራ አምስት ተጫዋቾች ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጻፉ፤ የቡድኑ አያያዝ ካልተስተካከለ አንሰለፍም አሉ። አይታና አንዷ ነበረች። ከአሥራ አምስቱ ወደ 2023 ዓለም ዋንጫ የተመለሱት ሦስት ብቻ ናቸው፦ አይታና፣ ማሪዮና ካልዴንቴ እና ኦና ባትዬ። የክለብ ጓደኛቸው ፓትሪ ጊሃሮ ቀረች። ማንኛቸውንም ለመውቀስ አልደፍርም፤ መሄዱም መቅረቱም ዋጋ ያስከፍል ነበር።

በዚያ ዓለም ዋንጫ በምድብ ጨዋታ በጃፓን 4 ለ 0 ተሸንፈው ነበር። ቀጥሎ ስዊዘርላንድን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ አይታና ሁለት አገባች። ፍጻሜው ሲድኒ ላይ፣ በእኛ ነሐሴ 14 ቀን 2015፣ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ፍልሰታ መሐል ነበር። ኦልጋ ካርሞና በ29ኛው ደቂቃ ባስቆጠረችው ግብ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ አይታና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ከዋንጫው በኋላ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉዊስ ሩቢያሌስ የቡድኑን ተጫዋች ጀኒ ኤርሞሶን ያለ ፈቃዷ በመሳሙ የተነሳው ነገር ደስታቸውን ወሰደባቸው፤ በ2025 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል። አይታና በዚያ ሰሞን የአውሮፓን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ስትቀበል መድረኩን ስለ ጀኒ ለመናገር ተጠቀመችበት።

ከግቦቿ አንዷን በቅርብ እንያት። ሐምሌ 16 ቀን 2017 በእኛ፣ ዙሪክ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስፔን ከጀርመን። እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። አይታና ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው በቫይረስ የመጣ የማጅራት ገትር ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ተቀያሪ ሆና ነው የገባችው። 113ኛው ደቂቃ ላይ ኳሷን ከቡድን ጓደኛዋ አቴኔያ ተቀበለች። ከግቡ መሥመር ጋር በጣም የጠበበ ማዕዘን ላይ ናት። በዚያ ቦታ ዘጠኝ ከአሥር ተጫዋች ወደ መሐል ያሻግራል። በረኛዋ አን-ካትሪን በርገርም ይህንኑ ጠብቃ ከቅርቡ ቋሚ ትንሽ ተነቀነቀች። አይታና በቅርቡ ቋሚና በበረኛዋ መሐል በቀረው ቀዳዳ መታቻት። ከጨዋታው በኋላ ስትናገር በርገር እንዲህ ባለ ቦታ ቅርቡን ቋሚ ክፍት የመተው ልማድ እንዳላት አስቀድመው አጥንተው እንደነበር ገልጻለች። ጎተንበርግ ላይ በ2021 ግብ ያገባችባት የቼልሲ በረኛም ይህችው በርገር ነበረች።

ይህን ለልጆች ለማስተማር ከቋሚው 5 ሜትር ወደ ጎን፣ ከግቡ መሥመር 4 ሜትር ወደ ፊት ምልክት ይደረግ። አንዷ ኳስ ይዛ ወደዚያ ትግባ፣ ሌላዋ መሐል ላይ ትጠብቅ፣ በረኛ ትኑር። በረኛዋ አንድ እርምጃ ወደ መሐል ከወጣች በቅርቡ ቋሚ ዝቅ አድርጎ መምታት፤ ቋሚዋን ይዛ ከቀረች ወደ መሐል ማሻገር። መምቻው የእግር ጣት አይደለም፤ የእግር የላይኛው ጠንካራ ክፍል ነው፣ የቆመው እግርም ከኳሷ ጎን ይሁን። ከኋላዋ ከቀረ ኳሷ ትነሳለች፣ በጎን መረብ ትወጣለች። ልጆቹ ሲጀምሩ ከአሥሩ ሰባቱ ጎን መረብ ላይ ቢቀሩ አያስገርምም፤ ቀዳዳው የአንድ ሜትር ያህል እንኳ አይደለም። ስለዚህ በረኛዋን ሳያዩ የሚመቱትን እንጂ አይተው የሳቱትን አትቆጡ።

ከአራት ቀን በኋላ ባዝል ላይ ፍጻሜው በመለያ ምት ሲያልቅ የአይታናን ምት የእንግሊዝ በረኛ ሃና ሃምፕተን አዳነችባት፤ እንግሊዝ ዋንጫውን ወሰደች። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ግን አይታና ነበረች፣ ሦስተኛው ባሎን ዶርም በሴፕቴምበር መጣ። በኖቬምበር መጨረሻ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ስትለማመድ የግራ እግሯ የባት አጥንት፣ ቀጭኑ፣ ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለወራት ከሜዳ ወጣች።

ጉዳትን ካነሳን አሌክሲያ ፑቴያስ በጁላይ 2022፣ ሁለተኛውን ባሎን ዶሯን ከመቀበሏ ጥቂት ወራት በፊት፣ የግራ ጉልበቷ የፊት ጅማት ተበጥሶባታል። ይህ ጉዳት ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶች ይልቅ ደጋግሞ ያገኛቸዋል፤ ባህር ዳር ላይ ላለች ልጅ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የሩቅ ነገር ነው። የፊፋ 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ መሣሪያ አይፈልግም፤ 20 ደቂቃ ነው፣ 15 እንቅስቃሴ አለው። 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጉልበት፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት። አሠልጣኞች ጊዜ ሲያጥር የመሐሉን 10 ደቂቃ ይዘላሉ፤ ጉልበትን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ከዝላይ ስትወርድ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ የሚጋጩባት ልጅ ካለች ዝላዩን ዝቅ አድርጋ፣ ጉልበቷ ከእግር ጣቷ አቅጣጫ ሳይወጣ እስክትወርድ ድረስ ትድገም። ከፊት ሆኖ በስልክ ቀርጾ ለራሷ ማሳየት ከመጮህ የበለጠ ይገባታል።

ለወላጆች አንድ ነገር። አይታና በ14 ዓመቷ ባርሴሎና ገባች፣ በ18 ዋናው ቡድን ደረሰች፣ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንስ ሊግ በ23 ወሰደች፣ ባሎን ዶር በ25። በመሐሉ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የስፖርት ሳይንስ አጥንታለች። በእኛ አገር 15 ዓመት የሞላት ልጅ ክልል ውድድር ላይ ካልተመረጠች «አልሆነላትም» ተብላ ጫማዋ ለታናሿ ይሰጣል። ከዱራሜ ተነስታ ማልታና ስዊድን ድረስ የተጫወተችው ሎዛ አበራ፣ በ2024 የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ የደረሰው የንግድ ባንክ ቡድን፣ መንገዱ ጭራሽ የተዘጋ እንዳልሆነ ያሳያሉ። የ15 ዓመት ልጅ ገና አማካይ አይደለችም። አማካይ ለመሆን እየተዘጋጀች ነው፤ ትምህርቷንም ኳሷንም ይዛ እስከ 18 እና 19 ዓመቷ መቆየት የምትችልበትን ሰዓት ቤተሰብ ሊያመቻችላት ይገባል። ውኃ መቅዳቱና እንጀራው በሳምንት ለሦስት ከሰዓት ለወንድሟ ቢተላለፍ ይበቃል።

የአይታናን ጨዋታ የሚያይ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። አምስት ደቂቃ ይምረጥ፤ ከእረፍት በኋላ ያለው ይሻላል፣ ቡድኖቹ ስለሚላቀቁ። ኳሷን አይከተል። ገልመጥ ባለች ቁጥር በግራ ዓምድ አንድ ጭረት፣ ኳስ በተቀበለች ቁጥር በቀኝ ዓምድ አንድ ጭረት ያኑር። ካሜራው ሲያጠጋ ይቋረጥበታል፤ ሰፊው ምስል ሲመለስ ይቀጥል። በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ይዞ የራሱን ቡድን መሐል አማካይ አምስት ደቂቃ ይቁጠርና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለልጅቷ ያሳያት።